ሰጋቱራን ወደ ማገዶ፣ ወደ እንጉዳይ ማብቀያና ወደ ሌላ ጥቅም መለወጥ

የሰጋቱራ ሥራ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ሳይጀመር፣ መጋዙ ሥር ነው። ከደረቅ ጣውላ፣ ከእርጥብ ግንድና ከቺፑድ የወጣው ብናኝ በአንድ ጆንያ ከገባ በኋላ መልሶ የሚለየው የለም። ያ ጆንያ ለማገዶም፣ ለእንጉዳይም፣ ለኮምፖስትም አይሆንም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት መያዣ ያዘጋጁ፦ አንዱ ለንጹሕ እንጨት ሰጋቱራ፣ አንዱ ለንጹሕ ቁርጥራጭና ከመላጊያ ለሚወጣው ፍቅፋቂ፣ አንዱ ደግሞ ለቺፑድ፣ ለኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት በሙጫ ተጭኖ ለሚሠራ ሰሌዳ)፣ ለኮምፔንሳቶ፣ እንዲሁም ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም መድኃኒት ለነካው እንጨት ሁሉ።

ሦስተኛው መያዣ ከዚህ በታች ላለው ለማንኛውም ሥራ አይውልም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ በአብዛኛው የሚጣበቁት ፎርማልዲሃይድ ባለበት ሙጫ ነው፤ በቤት ምድጃ ሲነዱ ጭሳቸው ጎጂ ነው። በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ ውሑድ የታከመ እንጨት የባሰ ነው፤ እሳት አርሴኒኩን አያጠፋውም፣ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል። እንጨቱ ከየት እንደመጣ ካላወቁ እዚህ መያዣ ውስጥ ይጨምሩት።

ቀጥሎ እርጥበቱን ይወቁ። 100 ግራም ሰጋቱራ መዝነው ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። የጎደለው ግራም የእርጥበቱ መቶኛ ነው፤ 88 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 12 በመቶ ነበር ማለት ነው። ለቤት ዕቃ ከሚውል ደረቅ ጣውላ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሆናል። ከእርጥብ ግንድ የሚወጣው ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ብሪኬት በእጅ መጫኛ

ፋብሪካ ውስጥ ብሪኬት (ተጨምቆ የተሠራ ማገዶ) ያለ ማጣበቂያ የሚሠራው ግፊቱና ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ማያያዣ ይለሰልስና ራሱ ያጣብቀዋል። በእጅ መጫኛ ያን ግፊት ማግኘት አይቻልም። ሰጋቱራ ብቻውን ቢጫን ቅርጽ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይፈርሳል፤ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያቆላልፍ ረጅም ጭረት የለውምና። ይህን ጭረት የሚሰጠው የተነከረ ወረቀት ነው።

ለ3 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ 1 ኪሎ ደረቅ ወረቀት ያስፈልጋል። የጋዜጣ ወረቀትና ካርቶን ጥሩ ናቸው፤ በላስቲክ የተለበጠና የሚያብረቀርቅ ወረቀት አይግባ። ወረቀቱን በትንንሹ ቀደው ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ካርቶን ከሆነ ሁለት ቀን ይንከሩት። ከዚያ በሙቀጫ ወቅጠው የወረቀት ቁራጭ የማይታይበት ሊጥ ያድርጉት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ያልላመ ወረቀት በንጣፍ በንጣፍ ይቀመጥና ብሪኬቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ሰጋቱራውን በወንፊት ነፍተው ስንጥሩን ካወጡ በኋላ ከወረቀቱ ሊጥ ጋር ይቀላቅሉ። አንድ ጭብጥ ጨምቀው ይፈትኑት፦ እጅዎን ሲከፍቱ ከፈረሰ ወረቀት ወይም ውሃ አንሶታል፤ ሊጡ በጣቶችዎ መካከል ሾልኮ ከወጣ ውሃው በዝቷል፤ ቅርጹን ይዞ ከቀረ ደርሷል።

ቅርጽ ማውጫው 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ይብሱለት፤ ውሃው የሚወጣው በእነሱ ነው። መሐሉ ላይ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ይቁም። ዘንጉ የሚተወው ቀዳዳ ብሪኬቱ ከውስጥም እንዲደርቅና ሲነድ አየር እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ያለ ቀዳዳ የተሠራ ብሪኬት ይበልጥ ይጨሳል፣ በደንብም አይነድም። ሊጡን ሞልተው በረጅም ማንሻ ይጫኑት፤ ውሃው መንጠባጠብ እስኪያቆም ድረስ ጥቂት ሰኮንዶች ሳይለቁ ይቆዩ። ቶሎ ከለቀቁት እንደ ስፖንጅ መልሶ ያብጣል። ቁመቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል።

አየር ከሥሩ በሚያልፍበት ወንፊት ሽቦ ላይ ደርድረው በየቀኑ እያገላበጡ ያድርቁ። ፀሐይ ባለበት ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ለሁለት ይስበሩ፤ መሐሉ ከቀዘቀዘና ከጠቆረ ገና ነው። ሻጋታ ካወጣ አደራደሩ ተጠጋግቷል ማለት ነው። አንዳንዶች ማጣበቂያ እንዲሆን ጭቃ ይጨምራሉ፤ እኛ አንመክረውም፤ ጭቃ አይነድም፣ አመድ ብቻ ያበዛል። ብሪኬት እንጨት እንጂ ከሰል ስላልሆነ ጭስ አለው፤ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ይፈልጋል።

የእንጉዳይ ማብቀያ

ለኦይስተር እንጉዳይ ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚገኝ ሰጋቱራ ይመረጣል። እንደ ጥድ ያሉ ሙጫማ ዛፎች ውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር የእንጉዳዩን እድገት ይገታል። 8 ኪሎ ሰጋቱራ፣ 1.8 ኪሎ ፍሩሽካና 200 ግራም ኖራ በደረቁ ይቀላቀላሉ። የሚፈለገው እርጥበት ከ60 እስከ 65 በመቶ ሲሆን፣ ሰጋቱራው አየር ላይ የደረቀ ከሆነ ወደ 14 ሊትር ውሃ ይወስዳል። ሁሉንም በአንዴ አያፍስሱ፤ ጨምቀው ሲይዙት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ያቁሙ። ሰጋቱራው በጣም ከደቀቀ ፍቅፋቂ ይጨምሩበት፤ አየር ካጣ ከውስጥ ይቦካል።

ሙቀት በሚችል የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት 1 ኪሎ እየሞሉ በግፊት መቀቀያ በ121 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያህል ይቀቅሉ። ፍሩሽካ ስላለበት ይህን መዝለል አይቻልም፤ አረንጓዴ ሻጋታም ፍሩሽካ ይወዳል። ከ30 ዲግሪ በታች እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ትኩስ ላይ የተጨመረ ዘር ይሞታል። ከዚያ በንጹሕ እጅና ነፋስ በሌለበት ክፍል ለአንድ ከረጢት ከ30 እስከ 50 ግራም የእንጉዳይ ዘር ይጨምሩ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ጨለማ ቦታ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ይነጣል። አረንጓዴ ነጥብ ያሳየውን ከረጢት እዚያው አይክፈቱት፤ የሻጋታው ዘር በአየር ወደ ሌሎቹ ይሄዳልና እንደታሰረ ያውጡት።

ሌሎቹ በአጭሩ

ለኮምፖስት የሚሆን ሰጋቱራ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። ጥሬውን ከአፈር ጋር ቢያዋህዱት ተሕዋስያኑ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይወስዱና ተክሉ ቢጫ ይሆናል። ለአንድ ባልዲ ሰጋቱራ ከ3 እስከ 4 ባልዲ ትኩስ እበት ያድርጉ። የተረፈዎትን አሮጌ የእንጉዳይ ከረጢትም እዚህ ይጨምሩ፤ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ለእንስሳት ጉዝጓዝ ፍቅፋቂው ይሻላል፤ ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። የጥቁር ዋልነት ፍቅፋቂ ለፈረስ ፈጽሞ አይነጠፍ፤ ሰኮናውን ያሳምመዋል።

የጣውላ ስንጥቅ ለመሙላት ከዚያው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የወጣውን ዱቄት ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር እንደ ወፍራም ሊጥ ያቡኩት። ሲደርቅ ስለሚሸሽ ከላይ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት። ኮላ ያለበት ቦታ ማቅለሚያ አይጠጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክሩት።

ለየትኛውም ሥራ ቢሆን ሲነፉና ሲያዋህዱ የአፍንጫ ጭንብል ያድርጉ፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። በአየር ላይ የተበተነ ብናኝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳልና በአቅራቢያው አይበየድ፣ ሲጋራ አይጨስ። እርጥብ ክምርን ከፍ አድርገው አይቆልሉት፤ ውስጡ ይግላል። የተልባ ዘይት ወይም ዘይት ያለው ቀለም የነካው ሰጋቱራ ደግሞ ክብሪት ሳይነካው ራሱን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ውሃ አፍስሰውበት ከሌላው ለብቻ ያስቀምጡት።