የአልጎሪዝምን ማኅበራዊ ተጽዕኖ ለሚያጠና ተማሪ፦ ከጥያቄ አመራረጥ እስከ አጻጻፍ

«ማኅበራዊ ሚዲያ ወጣቶችን ይጎዳል ወይ?» የሚል ርእስ ይዘው ወደ አማካሪያቸው የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ርእሱ ውድቅ የሚደረገው ስለማይረባ ሳይሆን በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የማይመለስ በመሆኑ ነው። ሊጠና የሚችል ጥያቄ የትኛው አልጎሪዝም (መረጃ ተቀብሎ በስሌት ውሳኔ የሚያሳልፍ የኮምፒውተር ሥርዓት)፣ የትኛውን ውሳኔ፣ በእነማን ላይ እንደሚያሳልፍ ለይቶ ይናገራል። ለምሳሌ አንድ የቪዲዮ መተግበሪያ ለአዲስ ተጠቃሚ በሚያቀርባቸው የመጀመሪያዎቹ 100 ቪዲዮዎች ውስጥ ስለ ክብደት መቀነስ የሚያወሩት ስንት እንደሆኑ፣ የተመዘገበው ጾታ ሲቀየርም ቁጥሩ ይቀየር እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

የአልጎሪዝሙ ኮድ ካልተገኘ ጥናቱ የሚቀር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ወደ ሥርዓቱ የሚገባውንና ከሥርዓቱ የሚወጣውን በማነጻጸር ብቻ ብዙ ማወቅ ይቻላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒ እና ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት፣ መነሻው የቡኦላምዊኒ የማስተርስ ጽሑፍ የሆነው ጥናት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። አጥኚዎቹ ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት የ1,270 ሰዎችን ፎቶግራፍ ሰብስበው፣ ፊት አይተው ጾታ ለሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥርዓቶች አቀረቡ። የሦስቱም ጥቅል ትክክለኛነት ከ87 በመቶ በላይ ነበር (ኩባንያዎች በማስታወቂያ የሚወዱትም ይህንኑ ጥቅል ቁጥር ነው)። ውጤቱ በጾታና በቆዳ ቀለም በአንድነት ሲከፋፈል ግን ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ስለዚህ ናሙና ከመሰብሰብ በፊት ውጤቱ በየትኞቹ ቡድኖች እንደሚከፋፈል መወሰንና ለእያንዳንዱ ቡድን በቂ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ አልጎሪዝሙ እንዲተነብይ የታዘዘው በእርግጥ ምን እንደሆነ ነው፤ በእኔ ግምት ተማሪዎች ቸል የሚሉት ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ተመራማሪው ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ተጨማሪ እንክብካቤ የሚሹ ሕሙማንን ለመምረጥ የሚያገለግል ሥርዓት ይተነብይ የነበረው ሕመምን ሳይሆን የሕክምና ወጪን መሆኑን አሳዩ። የሕመማቸው መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ለጥቁሮች የሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ስለነበር፣ ዘር በመረጃው ውስጥ ባይገባም ሥርዓቱ ጥቁር ሕሙማንን ከሚገባቸው በታች አስቀመጣቸው። ይህ ቢታረም ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ እንደሚልም አስልተዋል።

የፍትሐዊነት መለኪያውም (ሥርዓቱ ለተለያዩ ቡድኖች ፍትሐዊ መሆኑ የሚመዘንበት መስፈርት) መረጃው ከመከፈቱ በፊት ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስፈር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የዜና ተቋም፣ ተከሳሾች ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸውን የሚገምተውን ኮምፓስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲመረምር፣ ዳግም ካላጠፉት መካከል ከጥቁሮቹ 44.9፣ ከነጮቹ 23.5 በመቶ የሚሆኑት አስጊ ተብለው እንደነበር አገኘ። አምራቹ በበኩሉ፣ እኩል ነጥብ የተሰጣቸው ጥቁሮችና ነጮች ዳግም የሚያጠፉት በተቀራራቢ መጠን ነው ሲል ተከራከረ። የቡድኖቹ መነሻ መጠን (ከየቡድኑ በእርግጥ ዳግም የሚያጠፉት ድርሻ) ከተለያየና ትንበያው ፍጹም ካልሆነ ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ጊዜ ማሟላት እንደማይቻል በኋላ በሒሳብ ተረጋግጧል። ውጤቱን ካየ በኋላ መለኪያ የሚመርጥ ተማሪ የፈለገውን መደምደሚያ ማግኘቱ አይቀርም።

መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘት፣ የሰዎችን ማንነት የሚገልጡ ዝርዝሮችን ማስወገድና የመተግበሪያውን የአጠቃቀም ደንብ ማንበብ ግድ ነው። ሥርዓቶቹ ሳያሳውቁ ስለሚቀየሩ እያንዳንዱ ምልከታ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነመተግበሪያው ዕትም ይመዝገብ።

በአጻጻፍ ጊዜ የተለካውንና ያልተለካውን መለየት ይገባል። የቪዲዮ ቆጠራ መተግበሪያው ምን እንዳቀረበ ይናገራል እንጂ ተመልካቹ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ስለ ተመልካቹ ለመናገር ቃለ መጠይቅ ወይም የዳሰሳ ጥናት መጨመር ያሻል። ለዚያ ጊዜ ከሌለ፣ ጉዳዩን በውስንነት ክፍሉ በአንድ መስመር ከማለፍ ይልቅ ከርእሱ ላይ «ተጽዕኖ» የሚለውን አውጥቶ «አቀራረብ» ማለት ይሻላል።