የመሀል አዲስ አበባን ቅርሶች ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሲመጣ ወይም ውጭ አገር የቆየ እህት ወንድም ሲመለስ፣ ብዙዎቻችን እንግዳችንን ይዘን የምንሄደው ወደ ካፌና ወደ ገበያ ማዕከል ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ ባለው በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ግን ስንት ነገር አለ! ደፍረው የሚሄዱትም ቢሆኑ አካሄዱን ባለማወቅ ደክሟቸው፣ ዋናውንም ሳያዩት ይመለሳሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር

ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ረፋዱ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ አመሻሹ ላይ እንጦጦ። እንዲህ ያለው ዕቅድ ለፎቶ እንጂ ለጉብኝት አይሆንም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አራት ኪሎንና ስድስት ኪሎን ለአንድ ቀን፣ ፒያሳን ለሌላ ቀን፣ መስቀል አደባባይንና ለገሃርን ለሦስተኛ ቀን ቢመድቡ ይሻላል። በእነዚህ ሠፈሮች ውስጥ ደግሞ መኪናውን አቁመው በእግርዎ ይሂዱ።

ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ብቻ አይቶ መውጣት

አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወጣል። ለእይታ የቀረበው ቅጂ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ የተታለለ የሚመስለው አለ። እውነተኛው አጥንት እዚህ ዘወትር ለእይታ የማይወጣው እንዳይጎዳ ተብሎ ነው፤ ቅጂውን በማየትዎ የሚጎድልብዎት ነገር የለም። ከቆመው ቅጂ ፊት ለፊት ልጅዎን ያቁሙት። ድንቅነሽ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ መዋዕለ ሕፃናት ከሚሄድ ልጅ ጋር ትመጣጠናለች፤ ሆኖም የበቀለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች እንደነበረች ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች ፍጡር 3.2 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥራለች። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛትን ሰላምንም አይለፏት። ብዙ ሰው «የድንቅነሽ ልጅ» ይላታል፤ ነገር ግን ሰላም በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን ስትሆን የኖረችው ከድንቅነሽ በፊት፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይውጡ። የነገሥታቱ ዙፋንና አልባሳት፣ ከዚያም በላይ ሥዕሎቹ አሉ፤ እነሱም የራሳቸውን ጊዜ ይፈልጋሉ።

ስድስት ኪሎን መዝለል

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋኝ ይህ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንደነበረ ተጠብቋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም በዚሁ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆመው አንድ ነገር ይመልከቱ። ወደ የትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ ብቻ የሚወጣ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች በጣሊያን ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ያለፈውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። አሁን ከጫፉ ላይ ትንሽ የአንበሳ ምስል ተቀምጣለች፤ የይሁዳ አንበሳ።

ግራዚያኒ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው በር ሲወጡ ታክሲ ለመያዝ አይቸኩሉ። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት በዚያው ቀን ለተጀመረው ጭፍጨፋ መታሰቢያ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል የሚነገረው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ሐውልቱን ዞረው የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ ይዩ። የወደቁትን፣ የሚያለቅሱትን፣ የተሰቀሉትን። በሚኒባስ ስናልፍ «ስድስት ኪሎ ወራጅ አለ» ከማለት በቀር ቀና ብለን የማናየው ሐውልት ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያንን እንደ ሙዚየም መቁጠር

መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ምእመናን የሚጸልዩበት ቦታ ነው። በቅዳሴ ሰዓት ለመጎብኘት አይሂዱ፤ ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶችም ጨዋ ልብስ ይልበሱ፤ ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ፤ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት አባቶችን ያስፈቅዱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መካነ መቃብር በውስጡ ይገኛል። በቅጥር ግቢው ያረፉትን አርበኞችም ይጠይቁ፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚያው ተቀብራለች።

ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ግን ጎብኚው ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት እዚህ ነው። የኃይለ ሥላሴ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ወደ ሥላሴ እስኪዛወር ድረስ የቆየውም በዚህ ደብር ነበር። ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ያየ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል ይረዳል።

ልጆችን ሳያዘጋጁ ወደ ቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ማስገባት

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው ይህ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የሟቾች አፅም፣ ልብስና ፎቶግራፍ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ሕፃናትን አያስገቡ። ለደረሱ ልጆች አስቀድመው ምን እንደሚያዩ ይንገሯቸው። ከወላጆችዎ ጋር ከሄዱ ደግሞ አያጣድፏቸው፤ ከፎቶዎቹ መካከል የሚያውቁት ፊት ሊያጋጥማቸው ይችላል።

ፒያሳን በዓድዋ ሙዚየም ብቻ መጨረስ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ነው፤ ግማሽ ቀን ይስጡት፣ ያለ አስጎብኚም አይግቡ። ሲወጡ ግን የምኒልክ ሐውልትና የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በጣም ቅርብ ናቸው። ታቦተ ጊዮርጊስ ወደ ዓድዋ ከዘመተ ሠራዊት ጋር እንደነበረ ይነገራል፤ ሐውልቱ ደግሞ ፋሺስቶች ነቅለው ደብቀውት፣ እነሱ ከተባረሩ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ለእነዚህ ትርፍ ግማሽ ሰዓት ያንሳል።

ሳይጠይቁ መውጣት

መታወቂያ ይያዙ፤ ፍተሻ አለ። የቤተ መንግሥት አጥርንና ጥበቃዎችን ፎቶ አያንሡ። የመክፈቻ ሰዓት ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ፤ በተለይ በበዓላት ሰሞን። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲካሄድ በርካታ መንገዶች ስለሚዘጉ ጉብኝቱን ወደ ሌላ ሳምንት ቢገፉት ይሻላል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ሐውልቶቹን ጠዋት፣ ሙዚየሞቹን ከምሳ በኋላ ያድርጉ።