መኪናችሁን ለትራክ ስታቀሉ እነዚህን አትሳሳቱ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ፖይንት ነበርኩ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ፣ ሰው የራሱን መኪና አምጥቶ በፍጥነት የሚነዳበት የእሽቅድምድም ትራክ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፣ 10 መታጠፊያዎች አሉት። እዚያ አንድ የኛ ልጅ አገኘሁ። እንደኔው የ1992 ማዝዳ ሚያታ ይዟል፤ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነች ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ መኪና። ምንጣፉ የለም፣ ሬዲዮው የለም፣ ስኮርታው የለም፣ የቀኝ ወንበሩ ሳይቀር ወጥቷል። ኮፈኑን ቀላል በሆነው ካርቦን ፋይበር ቀይሮታል። ሁሉም ክብደት ለመቀነስ ነው። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍቼ ሳየው ግን የተፈላ ቡና ነው የሚመስለው። መቼ እንደተቀየረ ስጠይቀው አያውቅም።

ይህን ነገር በዚህ ዓመት ብቻ ስንቴ እንዳየሁት። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ክብደት መቀነሱ በራሱ ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን ሚያታ ወደ 1,000 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሞተሯ 116 የፈረስ ጉልበት አለው። 50 ኪሎ ብታወጡላት ለመፈትለክ 6 የፈረስ ጉልበት እንደጨመራችሁላት ነው። የሞተር ጉልበት ደግሞ ፍሬን ስትይዙና ስትታጠፉ አያግዛችሁም፤ መቅለሏ ግን እዚያም ያግዛል። ስኮርታና ክሪክ ብቻ ወደ 15 ኪሎ ይሆናሉ፣ ማውጣቱም ምንም አያስወጣም። ጥያቄው የትኛው ኪሎ ይውጣ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የፍሬን ዘይት ሳይቀይሩ ትራክ መግባት ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ስትነዱ እዚያ ሙቀት አትደርሱም። ትራክ ላይ ግን በየዙሩ፣ ያውም ዲስኩ ሳይበርድ፣ በሰዓት ከ100 ማይል አካባቢ ፍሬን ትይዛላችሁ። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ ሲጫኑት ይጨመቃል። እግራችሁ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

እኔ ላይ ደርሷል። ሁለተኛ የትራክ ቀኔ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንጣፍና ፕላስቲክ ስነቅል ከርሜ፣ ዘይቱን ግን አልነካሁትም። ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው ወለል ነካ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ። ሳሩ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ሰው አልተጎዳም፣ መኪናዋም አልተነካችም። እጄ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ይንቀጠቀጥ ነበር።

የልጁን እዚያው ቀየርንለት። ጎማውን ፈታን፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰካን፣ የቱቦውን ጫፍ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። «ርገጥ!» ይረግጣል። «ያዝ!» ቡሎኗን ስከፍት ጥቁሩ ይወጣል፣ እዘጋለሁ። «ልቀቅ!» ከላይ ዕቃው እንዳይጎድል እየሞላን፣ ከፍሬን ማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረን አራቱንም አዳረስን። ጥቁር የነበረው እየጠራ እየጠራ መጥቶ በመጨረሻ የጠጅ ቀለም ያዘ። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈ። ዋጋው ከዚያ ኮፈን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ሁለተኛው፣ ሮል ባር (መኪናው ሲገለበጥ ጭንቅላትን የሚያተርፈው ከወንበሩ ኋላ የሚቆም የብረት ቅስት) ሳይኖር የፋብሪካውን ቀበቶ አውጥቶ የውድድር ቀበቶ መግጠም። ይህ በጣም ያናድደኛል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ባለ አራት ማሰሪያ፣ ቀይ፣ ትከሻ ላይ የሚወርድ። የፋብሪካው ቀበቶ ግን መኪናው ሲገለበጥ ሰውነታችሁ ወደ ጎን ዘንበል እንዲል ይፈቅዳል። የውድድሩ ቀበቶ ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል። ጣሪያዋ ጨርቅ በሆነች መኪና ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ታስራችሁ ከተገለበጣችሁ መሬቱን የሚነካው ጭንቅላታችሁ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የትከሻውን ማሰሪያ ከወንበሩ ኋላ ወለል ላይ ያስረዋል። ግጭት ሲመጣ ያ ማሰሪያ ትከሻን ወደ ታች ይጎትትና አከርካሪን ይጨምቃል። ማሰሪያው ከትከሻ ወደ ኋላ አግድም፣ ቢበዛ ትንሽ ዘቅዘቅ ብሎ ነው መሄድ ያለበት። ለዚያ ደግሞ ሮል ባር ያስፈልጋል።

«ሮል ባር እኮ 20 ኪሎ ይጨምራል» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። አዎ፣ ይጨምራል። ጨምሩት! እኔ ከምንጣፍ፣ ከስኮርታና ከሬዲዮ ያተረፍኩትን በሙሉ እሱ ላይ ባውለው አይቆጨኝም። ከገጠማችሁ በኋላ ሄልሜት አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ አንድ ሰው ከሮል ባሩ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ የመጥረጊያ እንጨት ያጋድም። እንጨቱ ሄልሜታችሁን ከነካ ወንበሩ ዝቅ ይበል። ሄልሜቱም የመኪና ይሁን፤ ለመኪና እሽቅድምድም መፈተኑን የሚያሳየውን ስኔል ኤስኤ (Snell SA) የሚል ምልክት ውስጡ ፈልጉ። የሞተር ሳይክሉ ሌላ ነው።

ኤርባግ በግምት አይነካም። ባትሪው ተነቅሎ፣ መመሪያው የሚለው ጊዜ ተጠብቆ ነው። ገመዱ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ እንዳትሰኩ።

ድሪል ይዞ ብረት መብሳትም አለ። አንድ የማውቀው ሰው የወንበሩን ማሰሪያ ብረት እንደ ወንፊት በስቶት ነበር። ያተረፈው ሁለት መቶ ግራም ቢሆን ነው። በሁለተኛው ወር ብረቱ ከአንዱ ቀዳዳ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ጭነት የሚሸከም ነገር አይበሳም፣ አለቀ።

ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር የድምፅ መከላከያ ለማንሣት ደረቅ በረዶ ይጠቀማሉ። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፤ መከላከያው ይደርቅና በመዶሻ ሲመታ ይሰባበራል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም ሠርቼበታለሁ። ስህተቴ ጃንዋሪ ላይ ብርድ ነው ብዬ የጋራዡን በር መዝጋቴ ነው። ደረቅ በረዶ ሲተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ የምትተነፍሱትን አየር ቦታ ይይዛል። ባለቤቴ በሩን ስትከፍተው ራሴን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስንት ሰው ብቻውን ቤቱ ውስጥ ይሠራዋል! በር ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ማሞቂያውን ለማውጣት አትቸኩሉ። ዝናብ ሲመጣ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ የምትጠርጉበት የላችሁም። ደግሞ ሞተሩ ሲግል ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ያግዛል። ራዲያተር ካልኩ አይቀር፣ የእነዚህ መኪኖች የራዲያተር ጫፍ ፕላስቲክ ነው፤ አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷልና ሳይፈነዳ ቀይሩት።

የኤሲውን ጋዝ አየር ላይ እንዳትለቁት። እዚህ አሜሪካ በሕግ የተከለከለ ነው፤ መሣሪያው ያለው ጋራዥ ያስወጣላችሁ።

ነዳጅ ቀንሶ መግባት ደግሞ ትርፍ ይመስላል፤ አንድ ጋሎን ቤንዚን ወደ 2.8 ኪሎ ነው። ጋኑ ከሩብ በታች ሲሆን ግን ረጅም መታጠፊያ ላይ ቤንዚኑ ወደ ጎን ይሸሽና ሞተሩ ትር ትር ይላል። ከኋላችሁ ሌላ መኪና እየመጣ!

መኪና ሲቀል ከስፕሪንጉ ላይ ከፍ ይላል፣ የጎማው አቋምም ይለወጣል። ሁሉን አውጥታችሁ ስትጨርሱ አላይመንት አሠሩ፣ ሲሠራም እናንተ ወይም የእናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ወንበሩ ላይ ይኑር።

የመጨረሻው የቀኝ ወንበር ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ አታውጡት፤ አስተማሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቀበቶውም ከእናንተው ጋር እኩል መሆን አለበት። ልጁ ይህን አላወቀም ነበር። ወንበር ከሌለው አስተማሪ አይሳፈርለትም፣ አስተማሪ ከሌለው ደግሞ አያስገቡትም። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጥቶ ሊመለስ ነበር። ደግነቱ ሮል ባሩን የድሮው ባለቤት አስገብቶለታል፣ የቀኙ ቀበቶም አልተነቀለም። የሁለታችን መኪና አንድ ዓይነት ስለሆነ በምሳ ሰዓት የኔን የቀኝ ወንበር ፈትተን እሱ መኪና ላይ አሠርነው። አራት ቡሎን ነው። ከሰዓት በኋላ አስተማሪ አጠገቡ አስቀምጦ ወጣ፣ እኔም አጥሩ ጋ ቆሜ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዝ አየሁት።