መዝገቡና ውሃው ሲጣሉ፦ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክትትል ችግርና መፍትሔ

የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሳይጠራ ይመጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ግቢ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ፣ ሰነድ እንዲያገላብጥና እንዲቀዳ ይፈቅድለታል። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ፍሳሹን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። እንግዲህ ገንዳው ምንም ቢጠራ፣ መዝገቡ ከተምታታ የምንመልሰው የለንም። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ደጋግመው የሚገጥሙትን ከነምልክታቸው እነሆ።

ላብራቶሪው «ናሙናው ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መለሰው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የበረዶ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ናሙና ወሳጁ «13/5/2017፣ 3:00» ብሎ ጽፏል እንበል። ለእሱ ጥር 13 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራው ላብራቶሪ ግን ሜይ 13 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ 9:00 ነበር። የስምንት ዓመቱ ስህተት አያሰጋም፤ ተቀባዩ ስቆ ያስተካክለዋል። የሚጎዳው ማንም የማያየው የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት 3:00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነውና። ማቆያ ኬሚካል ያልተጨመረበት የክሮም ስድስት (መርዛማው የክሮም ዓይነት) ናሙና በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። በማግስቱ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 8:00 ላይ ምርመራው ቢጀመር እውነተኛው ዕድሜ 23 ሰዓት ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን 29 ይሆናል፣ ውድቅ ነው።

መፍትሔው ወሩን በስሙ መጻፍ፣ የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን ማስፈር፣ ሰዓቱንም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ከሚል ቃል ጋር መያዝ ነው። የርክክብ ቅጹ ላይ አስረካቢም ተረካቢም እዚያው ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ። ቢኦዲ (ተህዋስያን በውሃው ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን) የ48 ሰዓት ጊዜ አለው፣ እሱም ከ6 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ከተያዘ ነው።

የወጣው ፍሳሽ ከገባው ውሃ በለጠ

የጉድጓዱ ቆጣሪና የመውጫው መዝገብ ካልተጣጣሙ ክረምት ከሆነ የጣሪያ ዝናብ ወደ ቦዩ እየገባ እንደሆነ እዩ። በጋ ከሆነ ወደ ቪ ቅርጽ መለኪያው፣ ማለትም መውጫው ላይ ወደቆመው በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ግድብ ሂዱ። በ90 ዲግሪ ቪ ላይ ፍሰቱ ከከፍታው ጋር በእኩል አያድግም፤ ከፍታው በ2.5 ኃይል ይነሳል። ከቪው የታችኛው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ የሚወጣው፣ 11 ሴንቲ ሜትር ላይ 5.5 ይሆናል። አንዲት ሴንቲ ሜትር ከሩብ በላይ ታሳስታለች። ጠርዙ ላይ የተሰነቀረ ፀጉርና የቆዳ ፍቅፋቂ ውሃውን ከፍ ያደርገዋል፤ ንባቡም አብሮ ይጨምራል። ጠርዙን በየፈረቃው ጥረጉ፣ ከኋላው የተኛውን ደለልም አውጡ። ማስመሪያውን ቪው ላይ አትትከሉ፤ ውሃው እዚያ ወደ ታች ስለሚጎብጥ አሳንሶ ያነባል። ከከፍተኛው ከፍታ አራት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ይሁን። የማስመሪያው ዜሮም ከቪው ጫፍ ጋር መግጠሙን በውሃ ልክ አረጋግጡ።

ቢኦዲው ከሲኦዲው በለጠ

ሲኦዲ ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን ነው፤ ተህዋስያን የሚበሉትንም የማይበሉትንም ስለሚይዝ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ «ውሃው ተለወጠ» ብላችሁ ኬሚካል አትጨምሩ። ወይ ጠርሙስ ተቀያይሯል፣ ወይ የማቅጠኛው ስሌት ተረስቷል፣ ወይም ሁለቱ ናሙናዎች በተለያየ ሰዓት ተቀድተዋል። ከመዝገቡ ወደ ላብራቶሪው ጥሬ ወረቀት ተመልሳችሁ አመሳክሩ።

የተገላቢጦሹም አለ፦ ቢኦዲው ዜሮ አካባቢ ይወርዳል፣ ሁሉም ይደሰታል። ለሲኦዲ በሰልፈሪክ አሲድ የተጠበቀው ጠርሙስ ለቢኦዲ አገልግሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ አሲዱ ተህዋስያኑን ገድሏቸዋል። አሲድ ከሌለ ናሙናውን በሦስት የተለያየ ልክ አቅጥናችሁ አወዳድሩ። ናሙናው በቀጠነ ቁጥር የተሰላው ቢኦዲ ከፍ ካለ፣ ክሮም ወይም ሌላ መርዝ ተህዋስያኑን እያፈነ ነው፤ ዝቅተኛውን ቁጥር አትመኑ።

ፒኤቹ ወሩን ሙሉ 7.2 ነው

ፒኤች የውሃውን አሲድነት ወይም አልካሊነት የሚያሳይ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ገጽ፣ ያውም በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ፣ ከመጥፎ ውጤት የባሰ ያስጠረጥራል። ሠራተኛውን ከመቆጣት በፊት መሣሪያውን ፈትሹ። በተጣራ ውሃ ውስጥ ሲያድር የከረመ ኤሌክትሮድ ይደነዝዛል፣ የነከሩትን ሁሉ አንድ ዓይነት ያነባል። ማደሪያው የፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ነው። በ7ና በ4 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክላችሁ በ10 ፈትሹት፤ አሥሩን 9.4 ካለ ጊዜው አልፏል። የማስተካከያው ቀንና ንባብ ከዕለቱ ውጤት ጋር በአንድ ገጽ ይስፈር። መሣሪያው ደህና ሆኖ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን፣ ማንም ወደ ገንዳው አልወረደም ማለት ነው።

የእኛ ውጤት ያልፋል፣ የተቆጣጣሪው ይወድቃል

የኖራው ድራም (ቆዳው በኖራ የሚነከርበት ተሽከርካሪ በርሜል) ሲለቀቅ ፒኤች 12 ይደርሳል፤ የክሮሙ ሲለቀቅ 4 አካባቢ ይወርዳል። ሁልጊዜ ጠዋት ድራሞቹ ከመለቀቃቸው በፊት የሚቀዳ ናሙና የሚያሳየው ያደረ ውሃ ብቻ ነው። በየሰዓቱ እየቀዳችሁ በፍሰቱ መጠን የምታዋህዱት የ24 ሰዓት ድብልቅ ናሙና ይኑራችሁ፤ ፒኤችና ሰልፋይድ ግን ከድብልቁ አይለኩም። ፒኤች በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ እዚያው ቦታው ላይ ነው። የድራሞቹ መልቀቂያ ሰዓት ከምርት ክፍል ተወስዶ መዝገቡ ላይ ይግባ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ ምክንያቱ አጠገቡ ይገኛል። ማስጠንቀቂያ፦ የኖራውን ፍሳሽ ከአሲዱ ጋር አገናኝታችሁ ፒኤች ለማስታረቅ አትሞክሩ። በኖራው ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሰልፋይድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል፤ ጋዙ ሰው ይገድላል፣ ሲበዛም ማሽተት ያሳጣል።

መብራት የጠፋበት ሰዓት ባዶ ቀረ

ባዶውን በፊትና በኋላው አማካይ አትሙሉት። «ከቀኑ 8:10 እስከ 11:40 መብራት አልነበረም፣ ጀነሬተሩ ፓምፑን ብቻ ይዟል» ተብሎ ይጻፍና ይፈረምበት፤ በእጅ የተወሰደ ንባብ ካለም በእጅ መወሰዱ ይገለጽ። የተሳሳተ ቁጥር በፍሉድ አይጠፋም፤ የቀድሞው እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ፊርማና ቀን ይከተላል።