ለጆሮ የሚጻፍ ድራማ፦ ስክሪፕቱ ላይ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

የድምፅ ድራማ አድማጭ ምንም አያይም። ይሄን የማያውቅ ጸሐፊ የለም። ችግሩ ብዕር ሲነሳ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይረሳዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከልክ በላይ ያስታውሰውና ገጸ ባሕርያቱን በሙሉ ተራኪ ያደርጋቸዋል። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። ሌሊት ነው። እህት ሻንጣ እያዘጋጀች ሳለ ወንድሟ ይገባል። ብዙ ጀማሪ እንዲህ ይጽፈዋል፦

ወንድም፦ እህቴ፣ በዚህ ሌሊት አልጋው ላይ ቁጭ ብለሽ ልብስሽን ሻንጣ ውስጥ እየከተትሽ ነው እንዴ?
እህት፦ አዎ ወንድሜ፣ እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት መኖር ከብዶኛል።

እንዲህ የሚያወራ ሰው አለ? "እንደምታውቀው" የምትል ቃል ስክሪፕታችሁ ውስጥ ካገኛችሁ እዚያው ቁሙ። የሚያውቀውን ለምን ትነግረዋለች? ለእኛ ብላ ነው፣ እኛም ወዲያው እንነቃባታለን። አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ፦

(የሻንጣ ዚፕ። ግማሽ ላይ ይያዛል። እንደገና ይሳባል። በር ይከፈታል።)
ወንድም፦ መብራት አይቼ እኮ ነው... (ፀጥታ) ምንድነው ይሄ?
እህት፦ ዚፑ እምቢ አለኝ።
ወንድም፦ በዚህ ሌሊት?
እህት፦ ያዝልኝ እስቲ በዚያ በኩል።
(ረጅም ፀጥታ። ዚፑ በአንዴ ይዘጋል።)
ወንድም፦ የአባባን ሻንጣ ነው የምትወስጂው?
እህት፦ እሱ ከእንግዲህ የት ይሄድበታል?

"ልሄድ ነው" ያለ የለም። "አባታችን ሞተ" ያለም የለም። ዚፑ ግን ነገረን። ወንድሟ እጁን ሰዶ ሲያግዛት ደግሞ፣ ልቡ እያዘነም ቢሆን እንደለቀቃት ገባን። ያቺን ረጅም ፀጥታ እባካችሁ አትቁረጧት፣ የትዕይንቱ ልብ እሷ ናት።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የታደለ ቋንቋ ነው፣ ስንጽፍ ግን ብዙም አንጠቀምበትም። "ና"፣ "ነይ"፣ "ኑ"፣ "ይምጡ"። በአንዲት ቃል ብቻ የሚጠራው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ የቅርብ ሰው ይሁን የሚከበር፣ አድማጩ ያውቃል። ስለዚህ ዝምድናን በማብራሪያ ከመጫን በግሱ ንገሩ። አንድ ሠራተኛ አለቃውን ሙሉውን ትዕይንት "እርስዎ" ሲል ቆይቶ መጨረሻ ላይ "አንተ ነህ ያደረግከው!" ቢል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቁጣው የሚጨመር ነገር የለም።

ግን አማርኛ ወጥመድም አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢ ከጠፋበት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አድማጭ ግን "ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ያ ስለ ልጅሽ የነገርኩሽ ሰውዬ..." እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ሲመጣበት ግሱን እየጠበቀ ይደክማል። ቆራርጡት። "ያ ሰውዬ አለ አይደል? ማታ አገኘሁት።" በቃ።

ድምፅ ብቻውን ደግሞ አይታመንም። ዝናብና የሚጠበስ ዘይት በማይክ ሲሰሙ በጣም ይመሳሰላሉ። በረዶ ላይ የሚራመድ እግር ተብሎ የምንሰማው ብዙ ጊዜ በከረጢት ውስጥ የሚጨመቅ የበቆሎ ስታርች ነው፣ እኛ ግን እናምነዋለን፣ ምክንያቱም ታሪኩ በረዶ ብሎናል። ስለዚህ ዝናብ ከሆነ የዝናቡን ድምፅ አስቀድሙ፣ ከዚያ አንድ ገጸ ባሕርይ በጨዋታ መሃል "በሰበስኩ" ይበል። ቅንፍ ውስጥ የምትጽፉትን ሁሉ ደግሞ "በምን ይሰማል?" ብላችሁ ጠይቁት። "ፊቱ ይቀላል" አይሰማም። "ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያጋጨዋል" ይሰማል።

አለማየትን እንደ ጉድለት ብቻ አትቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1924 ቢቢሲ ለሬዲዮ ተብለው ከተጻፉት ቀደምት ድራማዎች አንዱን ሲያስተላልፍ ታሪኩ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ መብራት ይጠፋል፣ ገጸ ባሕርያቱም እንደ አድማጩ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ዛሬም ትምህርት የሚሆን ምርጫ ነው።

ርቀትንም ጻፉ። "ከሩቅ"፣ "እየቀረበ"፣ "ከበሩ ውጭ"። የውስጥ ሐሳብ ከሆነ "ማይኩ ሥር" በሉ፤ የክፍሉ ማስተጋባት ሲጠፋ አድማጩ የገጸ ባሕርዩ ጭንቅላት ውስጥ እንደገባ ይሰማዋል።

በአንድ ትዕይንት ሦስት ወይም አራት ድምፅ ይበቃል። ዕድሜያቸው፣ ፍጥነታቸው፣ የሚደጋግሙት ቃል ይለያይ። ዝም ያለ ሰው በድምፅ ድራማ ከክፍሉ እንደወጣ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ያስል፣ ወንበሩን ይሳብ፣ አንድ "እህ" ይበል። ስም መጥራት ትዕይንቱ ሲጀምር አንድ ሁለቴ ካለ ይበቃል።

ቅርጹ ቀላል ነው። የተናጋሪው ስም በግራ፣ ድምፆች በራሳቸው መስመር፣ ለየመስመሩ ቁጥር፤ ቀረጻ ላይ "መስመር 12ን እንደገና" ማለት ጊዜ ያተርፋል። አንድ ንግግር ከገጽ ወደ ገጽ አይቆረጥ፣ ተዋናዩ ወረቀት ሲገልጥ ማይኩ ይይዘዋል።

ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሰዓትም ያዙ። ከዚያ በስልካችሁ ቅዱትና ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሰሙት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። "ወደድከው?" አትበሉት። "የት ናቸው? ስንት ሰው አለ? በሩን ማን ከፈተው?" በሉት። የተሳሳተበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ፣ ነገ የምትጀምሩት ከዚያ ነው።