ከኋላ ያለውን ጥሎ መሄድና ሌሎች የሞተረኛ ስህተቶች

ሄልሜት አድርጉ፣ ፍሬን ፈትሹ እያልኩ ጊዜያችሁን አላባክንም። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ሰው ይህንንም አያነብም።

የሚያበግነኝ ከኋላ ያለውን ጥሎ መሄድ ነው። አምስት ስድስት ሆነው ከደብረ ማርቆስ ይነሳሉ፤ እስከ ሮብ ገበያ ድረስ አብረው ናቸው። ወደ ጮቄ ተራራ መውጣት ሲጀመር ጉልበተኛ ሞተር ያለው ይፈተለካል፣ ሌላው በእልህ ይከተለዋል፣ ጀማሪው ይቀራል። የቀረ ሰው ደግሞ ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል፤ የሚወድቀውም ያኔ ነው። አንዱን ልጅ እንዲህ ጥለውት ሄደው፣ ስልኩ ኔትወርክ የለው፣ እግሩ ሞተሩ ሥር እንደገባ ያነሱት ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ጓደኞቹ እላይ ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ "ይመጣል፣ ይመጣል" ይሉ ነበር! መላው እኮ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ላለው ለአንዱ ብቻ ኃላፊ ነው። መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ቆሞ፣ የኋላው ሰው አይቶት የሚታጠፍበትን እስኪያውቅ አይንቀሳቀስም። አንዱ ከወደቀ ከፊቱ ያለው ይቆማል፣ ከዚያም ፊት ያለው ይቆማል፣ እንዲህ እያለ ስልክ ሳይደወል መሪው ጋ ይደርሳል። መንገዱን የሚያውቅ ከፊት፣ መፍቻና ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) የያዘ ጎበዝ ነጂ ከመጨረሻ።

ዳገት ላይ ተከታትሎ አይወጣም። አንዱ ጨርሶ ሳይወጣ ሌላው አይጀምር።

ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን እንደጨበጡ መንደርደር፣ ይባስ ብሎ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድ እብደት ነው። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን በድንገት የጨበጠ፣ ጎማው ተቆልፎ መሬት ላይ ራሱን ያገኘዋል።

ዋልካን፣ ያንን የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ የናቀ የቢቸናን መንገድ በክረምት አያውቀውም። ጭቃው በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ትቶ እንደ ማረሻ መሬቱን እየሰነጠቀ ይሄዳል። እዚያ ላይ ጋዝ መስጠት ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። ወርዶ በእንጨት መፋቅ፣ ጥቂት ሄዶ እንደገና መፋቅ። ለክረምት ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጎ ማሰር ብዙ ያቀላል።

ሰማይ አይቶ ወንዝ መግባትም አለ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ የሚነሱት ከጮቄ ነው፤ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ እላይ ዘንቦ ይሆናል። በእግር ያልተሞከረ ውሃ በሞተር አይገባም። ሞተሩን እየገፋችሁ የምትሻገሩ ከሆነ ውሃው በሚመጣበት በኩል ሁኑ፤ ከታች ከሆናችሁ ውሃው ይጥለውና ከሥሩ ትቀራላችሁ። ሞተሩ ውሃ ከጠጣ ካንዴላውን ሳትነቅሉ ማስነሻውን አትርገጡ፣ ውስጡን ይሰብረዋል።

ጮቄ አናት ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ሞተሩ ሲደክም ካርቡሬተር መፍታት የሚጀምሩ አሉ። ምንም አልሆነም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ማርሽ ቀንሱ።

የኋላ ተቀማጭ ነጠላውን ይሰብስብ፤ የሞተሩ ካቴና ከያዘው አይለቀውም።

ጭነት የያዘ በቅሎ ሲመጣ ደግሞ ጥሩምባ አይነፋም። ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት፣ ባለቤቱን "እንዴት ዋሉ" ብሎ ማሳለፍ፣ ከዚያ መንገድ መቀጠል።