ገንዳ ውስጥ የሞተ እንስሳ ሲገኝ

ዳላስና ጋርላንድ (ቴክሳስ) ውስጥ የወገኖቻችንን የመዋኛ ገንዳ ሳጸዳ ዓመታት አልፈዋል። ሙቀቱ ከገባ ስልኬ አያርፍም፤ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስኩረል ሞቶ አገኘን፣ ልጆቹ ይግቡ?» አይግቡ። መጀመሪያ የሞተው ምን እንደሆነ እዩ።

እንቁራሪት፣ አይጥ፣ ወፍ ወይም ስኩረል ከሆነ፦ ጓንት አድርጋችሁ በመረብ አውጡት፤ በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ አስራችሁ ጣሉት። ክሎሪኑን 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ሁለት)፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) 7.5 ወይም ከዚያ በታች አድርጉ። ውሃው ቢያንስ 77 ፋራናይት ይሁን። ማጣሪያው እየሠራ 30 ደቂቃ ጠብቁ። መረቡንም ጠራርጋችሁ እዚያው ውሃ ውስጥ ንከሩት።

እባብ፦ ሞቶም ሊነክስ ይችላል፤ ከጭንቅላቱ ራቁ።

የሌሊት ወፍ፦ በባዶ እጁ የነካ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ጊዜ አይሰጥም።

«ክሎሪን አለው፣ ግን ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተ»

እኔን የሚያደክመኝ ይህ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ተንሳፋፊው ዕቃ ውስጥ ከምትጨምሩት የክሎሪን ታብሌት ነው። ታብሌቱ 10 ፒፒኤም ክሎሪን ሲሰጥ 6 ፒፒኤም ያህል ስታቢላይዘር (ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቅ ኬሚካል) አብሮ ይለቃል። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፤ ስታቢላይዘሩ ግን ውሃው ካልተቀየረ እዚያው ይጠራቀማል። ሲበዛ ክሎሪኑን አስሮ ይይዘዋል። ስትሪፑ (የመለኪያ ወረቀቱ) «3» ይላል፣ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ግን ኢምንት ነው።

አንዲት እናት ቤት ስደርስ አራት ከረጢት ሾክ (ኃይለኛ የክሎሪን ዱቄት) ጨምረው ውሃው አሁንም እንደ አጓት ነበር። የስኪመሩን (ከውሃው ላይ ቆሻሻ የሚስበው የገንዳው ጠርዝ ቀዳዳ) ክዳን ስከፍት የፖሰም ግልገል ቅርጫቱ ውስጥ በስብሷል። ክዳኑን ማንም አልከፈተውም! ስታቢላይዘሩን ስለካው መለኪያው ከሚያነበው ከፍተኛ ቁጥር፣ ከ100፣ አለፈ። ናሙናውን በእኩል የቧንቧ ውሃ አቅጥኜ ስለካ 90 መጣ፤ እውነቱ 180 ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያወርድ ኬሚካል ልግዛ ብለው ነበር፣ ገንዘብዎን ያስቀምጡ አልኳቸው። ግማሹን ውሃ አውጥተን ሞላን፣ 90 ሆነ፤ ደግመን 45 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፈሳሽ ክሎሪን ብቻ ነው የሚጠቀሙት።

በአንዴ ባዶ አታድርጉት። ዝናብ በጠጣ መሬት ላይ ባዶ ገንዳ ከሥር ተገፍቶ ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ታብሌት የነበረበት ዕቃ ወይም ስኪመር ውስጥ የሾክ ዱቄት በፍጹም አትጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ይቃጠላሉ፣ ይፈነዳሉ። አሲድንም ከክሎሪን ጋር አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በየዓመቱ እነግራለሁ፣ በየዓመቱ አሲዱንና ክሎሪኑን ጎን ለጎን ክዳናቸው ተከፍቶ አገኛለሁ።

ራኩን ከሆነ

ራኩን ዓይኑ ዙሪያ እንደ ጭንብል ጥቁር ያለው፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነው እንስሳ ነው። ከላይ ያልኩት 30 ደቂቃ እዚህ አይሠራም። ራኩን አንጀቱ ውስጥ የሚኖረው ወስፋት እንቁላሉ በክሎሪን አይሞትም፤ ሰው ከዋጠው አንጎልና ዓይን ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ የሕፃናትን። ክሎሪን ደፍታችሁ ልጆቻችሁን እንዳታስገቡ! ለከተማው የእንስሳት ቁጥጥር ደውላችሁ በድኑ ይመርመር እንደሆነ ጠይቁ። ወስፋቱ ከተገኘበት ወይም ካልተመረመረ ገንዳውን ዝጉ፣ ማጣሪያውን 24 ሰዓት አሠሩ፣ ከዚያ ባክዋሽ አድርጉ (ውሃውን በማጣሪያው ወደ ኋላ አስኬዳችሁ ቆሻሻውን አውጡ)። የማጣሪያው አሸዋ ወይም ካርትሪጅ የሚቀየር ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ ቀይሩ፤ አሮጌውንም በሁለት ፌስታል አስራችሁ ጣሉ።